ርካሽና አስተማማኝ ሃርድ ዲስክ እንዴት ይገዛ ነበር?

(ከማኅበራችን የቀድሞ ቃለ ጉባኤዎች ተነሥቶ በጥናት ክበባችን የተዘጋጀ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባለፈው የዕረፍት ወራት የማኅበራችን ዕቃ ቤት እንዲጸዳ በሥራ አስፈጻሚው ስለተወሰነ፣ ስድስት አባላት ሁለት ቀን ሙሉ አቧራ ስንጠርግ ሰነበትን። ከተገኙት ዕቃዎች መካከል አንድ የአይ.ቢ.ኤም. ኤክስ.ቲ. አምሳያ ኮምፒውተር፣ አንድ ካርቶን ሙሉ ፍሎፒ ዲስክና ሦስት የቃለ ጉባኤ ደብተሮች ይገኙባቸዋል። የትኛው ይጣል፣ የትኛው ይቀመጥ ለማለት ደብተሮቹን ስናገላብጥ አንድ ነገር አስገረመን። በ1987 እና በ1988 በተደረጉት ስብሰባዎች ከመኝታ ቤት ችግርም ሆነ ከምግብ ቤት አቤቱታ ይልቅ ደጋግሞ የተነሣው አጀንዳ «የሃርድ ዲስክ ጉዳይ» የሚል ነው።

የነገሩ አመጣጥ እንዲህ ነው። በዚያን ጊዜ ማኅበሩ ባለ ሁለት ፍሎፒ ኮምፒውተር ነበረው። ከአባላት መዋጮ ተሰብስቦ በ1987 መጀመሪያ ላይ ከከተማው አንድ ነጋዴ ያገለገለ ባለ 30 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ተገዛ። ዋጋው ሌሎች ለ20 ሜጋባይት ከሚጠይቁት ያነሰ ስለነበረ ጉባኤው ገንዘብ ያዡን በጭብጨባ አመስግኗል። በዲስኩ ላይ የአባላት ስም ዝርዝር፣ የመረዳጃ ገንዘቡ የብድር መዝገብና የአንዲት እህታችን የማስተርስ ጽሑፍ ተጫነ።

ዲስኩ አሥራ አንድ ሳምንት ሠራ። ከዚያ በኋላ ኻምሲን የሚባለው የበረሃ ነፋስ በሚነፍስበት ሰሞን፣ ከቀትር በኋላ፣ «አቦርት፣ ሪትራይ፣ ኢግኖር?» የሚለው ጥያቄ በስክሪኑ ላይ ይወጣ ጀመር። ጸሐፊው ሌሊቱን ሙሉ ሪትራይ እያለ አነጋ። መጀመሪያ አንዳንድ ፋይል እየተነበበ አንዳንዱ ይቀር ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ምንም አልተነበበም።

የጠፋው ነገር በዲስኩ ዋጋ የሚለካ አልነበረም። እህታችን ከአምስቱ ምዕራፎች የሁለቱን ብቻ በፍሎፒ ይዛ ስለነበር የቀሩትን ሦስቱን ከእጅ ጽሑፍ እንደገና ለመምታት ተገደደች፤ ምረቃዋም ወደሚቀጥለው ዓመት ተሻገረ። የብድር መዝገቡ ግን ምንም ቅጂ አልነበረውም። ስለዚህ «እያንዳንዱ ተበዳሪ ያለበትን ዕዳ ራሱ መጥቶ ይናገር» ተባለ። ሃያ ሦስቱም መጥተው ተናገሩ። የተናገሩት ሲደመር ከባንክ ደብተሩ ጋር ሳይገናኝ ቀረ። ልዩነቱ ትንሽ ነበር፤ ነገር ግን ማን እንደረሳ፣ ማን እንደደበቀ ሊታወቅ ስላልቻለ፣ እንደ ወንድማማች ይተያዩ የነበሩ ሁለት አባላት እስከ ምረቃቸው ድረስ ሳይነጋገሩ እንደቀሩ ደብተሩ በአንድ መስመር ጠቅሶ ያልፋል።

ከዚህ በኋላ ጉባኤው ሁለተኛ ዲስክ ከመገዛቱ በፊት ጉዳዩን የሚያጠና ባለ ሦስት አባላት ኮሚቴ አቋቋመ። የኮሚቴው ማስታወሻ በሦስተኛው ደብተር ጀርባ ተጽፎ ይገኛል። እኛም እርሱን መነሻ አድርገን፣ ዛሬ የሚታወቀውን ጨምረንበት፣ ይህን ጥናት ለአንባብያን እናቀርባለን።

ከዲስኩ በፊት የነበረው ሁኔታ

ሃርድ ዲስክ ራሱ አዲስ ነገር አልነበረም። አይ.ቢ.ኤም. የመጀመሪያውን ራማክ የተባለ መሣሪያ ያወጣው በ1956 ሲሆን፣ ሃምሳ ትላልቅ ዲስኮች ተደራርበው አምስት ሚሊዮን ያህል ፊደላት ይይዙ ነበር። ለግል ኮምፒውተር የሚሆን አነስተኛ ዲስክ ግን የመጣው በ1980 ነው። አላን ሹጋርትና ፊኒስ ኮነር ከባልንጀሮቻቸው ጋር በ1979 ያቋቋሙት፣ በኋላ ሲጌት የተባለው ኩባንያ ኤስ.ቲ.-506 የሚባለውን አወጣ። ዲስኩ 5 ሜጋባይት ይይዝ ነበር፤ ዋጋውም 1,500 ዶላር አካባቢ ነበር። ይህ እንግዲህ ለአንድ ሜጋባይት 300 ዶላር መሆኑ ነው።

በነሐሴ 1981 የወጣው የመጀመሪያው አይ.ቢ.ኤም. ፒ.ሲ. ሃርድ ዲስክ አልነበረውም። በመጋቢት 1983 ኤክስ.ቲ. ባለ 10 ሜጋባይት ዲስክ ሆኖ በ4,995 ዶላር ለገበያ ቀረበ። ይህን ዋጋ ከነፃ ትምህርት አበል ጋር ማወዳደር ለአንባቢ እንተወዋለን። ከዚያ በኋላ ግን ዋጋው በፍጥነት ወረደ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ካለፈ በኋላ በአሜሪካ የኮምፒውተር መጽሔቶች የኋላ ገጾች ላይ በፖስታ የሚሸጡ ባለ 20 ሜጋባይት ዲስኮች ከነኮንትሮለራቸው ከ300 እስከ 400 ዶላር ባለው ዋጋ ይታወጁ ነበር። ታላላቆቻችን ከአሜሪካ በሚመለሱ ሰዎች እጅ የደረሱዋቸውን እነዚያን መጽሔቶች ገጻቸው እስኪበጣጠስ ድረስ አንብበዋቸዋል፤ ሁለቱ ቅጠሎች በደብተሩ ውስጥ ተጣብቀው አግኝተናል።

የሚገዛው ዲስክ ብቻ አይደለም

ኮሚቴው በመጀመሪያ የተገነዘበው ነገር «የዲስክ ዋጋ» የሚባለው አሳሳች መሆኑን ነው። ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኝ ኮንትሮለር የሚባል ካርድ ያስፈልጋል። ሁለት ኬብሎችም አሉ፤ አንዱ ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ባለ 34 መስመር፣ ሌላው መረጃ የሚያስተላልፍ ባለ 20 መስመር። ርካሽ ዲስክ ገዝቶ ኬብልና ካርድ ለየብቻ የሚፈልግ ሰው መጨረሻ ላይ ከሙሉው ዕቃ የበለጠ ይከፍል ነበር።

ከዚህም ሌላ ሁለት የተደበቁ ወጪዎች ነበሩ። የመጀመሪያው አይ.ቢ.ኤም. ፒ.ሲ. ፓወር ሰፕላይ 63.5 ዋት ብቻ ሲሆን፣ የኤክስ.ቲው 130 ዋት ነበር። ሃርድ ዲስክ መሽከርከር ሲጀምር በሥራ ላይ ካለው የበለጠ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ፣ በአሮጌው ፒ.ሲ. ላይ ዲስክ የጨመረ ሰው ፓወር ሰፕላዩንም መለወጥ ነበረበት። ሁለተኛው ይበልጥ ስውር ነው። ከጥቅምት 27 ቀን 1982 በፊት የተዘጋጀ ባዮስ ያላቸው ፒ.ሲዎች በኮንትሮለሩ ካርድ ላይ ያለውን ፕሮግራም ፈልገው አያገኙትም ነበር፤ ስለዚህ ከዲስኩ ሊነሡ አይችሉም። ቀኑ በዲበግ ፕሮግራም ሊታይ ይችል ስለነበር ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ብልህ ሰው ይህን አይቶ ነው የሚከፍለው። የእኛ ማሽን አምሳያ በመሆኑ ይህ ችግር አልነካውም።

የ30 ሜጋባይቱ ምስጢር

ኮሚቴው የሞተውን ዲስክ ፈትቶ ሲያይ በጎኑ ላይ ያለው ወረቀት 20 ሜጋባይት ይላል! ታዲያ 30 ሜጋባይት እንዴት ተገኘ? መልሱ የዚያን ዘመን የዲስክ ገበያ ዋና ቁልፍ ስለሆነ ረዘም አድርገን እናየዋለን።

የዲስኩ ገጽ ትራክ በሚባሉ ክቦች ይከፈላል። እያንዳንዱ ትራክ ደግሞ 512 ባይት በሚይዙ ሴክተሮች ይከፋፈላል። ኤም.ኤፍ.ኤም. በተባለው የአጻጻፍ ስልት አንድ ትራክ 17 ሴክተር ይይዛል። በዘመኑ እጅግ ታዋቂ የነበረውን ሲጌት ኤስ.ቲ.-225 እንውሰድ። 615 ሲሊንደርና 4 የንባብ ራሶች አሉት። 615 በ4፣ በ17፣ በ512 ሲባዛ 21,411,840 ባይት ይመጣል፤ 20 ሜጋባይት የሚባለው ይኸው ነው።

አር.ኤል.ኤል. የሚባለው ሌላ ስልት ደግሞ በዚያው ትራክ ላይ 26 ሴክተር ያሰፍራል። 615 በ4፣ በ26፣ በ512 ሲባዛ 32,747,520 ይሆናል። ዲስኩ ያው፣ ሞተሩ ያው፤ የተለወጠው ኮንትሮለሩ ብቻ ነው፤ መያዣው ግን በግማሽ አድጓል። ነጋዴው «30 ሜጋባይት» ያለው በዚህ መንገድ ነው፤ ቁጥሩን አልዋሸም።

ይህ ትርፍ ከየት መጣ? ከትክክለኛነት ነው የመጣው። በዲስኩ ላይ የሚጻፈው የማግኔት አቅጣጫ ለውጥ ነው። የኤም.ኤፍ.ኤም. ኮንትሮለር እያንዳንዱን ለውጥ በ100 ቢሊዮንኛ ሴኮንድ መስኮት ውስጥ ይጠብቀዋል፤ የአር.ኤል.ኤል. ኮንትሮለር ግን ወደ 67 በጠበበ መስኮት ነው የሚጠብቀው። ለውጡ ትንሽ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከመጣ ኤም.ኤፍ.ኤሙ ይቀበለዋል፣ አር.ኤል.ኤሉ ግን ሌላ ፊደል አድርጎ ያነበዋል። በመሆኑም ፋብሪካው ለዚህ ሥራ የፈተነውን ዲስክ ለይቶ ይሸጥ ነበር፤ ኤስ.ቲ.-238አር የተባለው የኤስ.ቲ.-225 ወንድም እንዲህ ያለ ነው። ያልተፈተነ ዲስክ በአር.ኤል.ኤል. ካርድ ላይ ሲገባ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ይሠራል። በመጀመሪያው ወርም ይሠራል። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ ወዲያው የሚሰበር ዕቃ ተመልሶ ገንዘቡ ይጠየቃል፤ ቀስ ብሎ የሚከዳ ዕቃ ግን ሥራችንን ሁሉ ከተሸከመ በኋላ ነው የሚወድቀው።

አንድ የጉባኤው አባል «ዲስኩን በኤም.ኤፍ.ኤም. ካርድ አስገብተን በ20 ሜጋባይት ብንጠቀምበትስ?» ብሎ ጠይቋል። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ዲስኩም ምናልባት ለዓመታት ይሠራ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ለማድረግ በላዩ ያለው ሁሉ መደምሰስ ስለነበረበት፣ እህታችን «ምዕራፎቼ እዚያ ውስጥ እያሉ አይነካም» በማለቷ ለወራት በመሳቢያ ተቀመጠ። እኛ በእርሷ አንፈርድም።

ሙቀትና ደረጃ የሚቆጥረው ሞተር

ዲስኩ በቀትር እየከዳ ማለዳ ላይ ለምን ይሻለው ነበር? ርካሾቹ ዲስኮች የንባብ ራሱን የሚያንቀሳቅሱት ስቴፐር ሞተር በሚባል ነው። ይህ ሞተር በጨለማ ደረጃ የሚወጣ ሰውን ይመስላል፤ «ሃምሳ ደረጃ ውጣ» ሲባል ሃምሳ ቆጥሮ ይቆማል፣ ትክክለኛው በር ላይ መድረሱን ግን አያይም። ውዶቹ ዲስኮች ቮይስ ኮይል ይጠቀማሉ። እነዚህ በዲስኩ ገጽ ላይ የተጻፈ ምልክት እያነበቡ ቦታቸውን ያስተካክላሉ፤ ማለትም በየበሩ ላይ ያለውን ቁጥር እያዩ ይሄዳሉ።

ብረት ሲሞቅ እንደሚለጠጥ ሁላችንም በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ተምረናል። በቀዝቃዛ ማለዳ ፎርማት የተደረገ የስቴፐር ዲስክ በሞቃት ቀትር ሲነበብ፣ ራሱ ቆጥሮ የሚደርስበት ቦታና ትራኩ ያለበት ቦታ በጥቂቱ ይለያያሉ። በደጋ አገር ይህ ላይታወቅ ይችላል። እኛ ባለንበት፣ ክፍሉ በክረምት ብርድ፣ በበጋ ምድጃ በሚሆንበት አገር ግን ልዩነቱ የሞት ሽረት ነው። በዚህ ላይ የጠበበው የአር.ኤል.ኤል. መስኮት ሲጨመርበት ነገሩ አበቃ።

ስለዚህ ኮሚቴው ያገኘው ምክር ቀላል ነበር። ዲስኩ መጀመሪያ ፎርማት ከመደረጉ በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በርቶ ይሙቅ፤ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ፣ በሚቀመጥበት አኳኋን ፎርማት ይደረግ። በጠፍጣፋ ተቀምጦ የተዘጋጀውን በኋላ በጎኑ ማቆም አይገባም፤ የራሱ ክብደት አቅጣጫውን ስለሚለውጥ። ቮይስ ኮይል ቢገዛ ይህ ሁሉ ጭንቀት ባልኖረም ነበር፤ ዋጋው ግን በጊዜው ከማኅበሩ አቅም በላይ ሆኖ ተገኘ።

ፍጥነትን በነፃ ማግኘት

ኤስ.ቲ.-225 አንድ ቦታ ፈልጎ ለመድረስ በአማካይ 65 ሺሕኛ ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። የተሻሉት ከ30 በታች ይወስዱ ነበር። ፈጣን ዲስክ መግዛት ለማይችል ሰው ግን ያለምንም ወጪ የሚገኝ ፍጥነት ነበር፤ ኢንተርሊቭ ይባላል።

ዲስኩ በሴኮንድ 60 ጊዜ ይዞራል። በአንድ ዙር 17 ሴክተር፣ ማለትም 8,704 ባይት ከራሱ ሥር ያልፋል። ነገር ግን ኮምፒውተሩ አንዱን ሴክተር ተቀብሎ እስኪያስቀምጥ ድረስ ተከታዩ አልፎ ይሄዳል። ለዚህ ሲባል ተከታታይ ሴክተሮች ጎን ለጎን አይቀመጡም፤ በመካከላቸው ሌሎች ይገባሉ። አይ.ቢ.ኤም. በኤክስ.ቲ. ላይ 6 ለ1፣ በኤ.ቲ. ላይ 3 ለ1 አድርጎ ነበር። በ6 ለ1 በሴኮንድ ወደ 87,000 ባይት ይነበባል፣ በ3 ለ1 ወደ 174,000። ታዲያ ስግብግብ ሆኖ ማሽኑ ከሚችለው በላይ ያጠበበ ሰው ምን ያገኛል? ተከታዩ ሴክተር በየጊዜው ለጥቂት ስለሚያመልጥ ሙሉ ዙር ይጠበቃል፤ በአንድ ዙር አንድ ሴክተር ብቻ፣ ማለትም በሴኮንድ 30,720 ባይት። ከመጀመሪያው ወደ ሦስት እጥፍ የዘገየ ማለት ነው። ታላላቆቻችን በተለያየ ቁጥር ፎርማት እያደረጉ አንድ ፋይል የሚነበብበትን ጊዜ በእጅ ሰዓት ለክተው ለማሽናቸው 4 ለ1 የተሻለ ሆኖ አግኝተውታል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የስቲቭ ጊብሰን ስፒንራይት ፕሮግራም ከወጣ በኋላ መረጃው ሳይጠፋ ይህን መለወጥ ተችሏል፤ እነርሱ ግን በየሙከራው ከባዶ ነበር የሚጀምሩት። ዲበግን ከፍቶ «ጂ=ሲ800፡5» ብሎ የኮንትሮለሩን ፎርማት መጥራት፣ ቀጥሎ ኤፍዲስክ፣ ቀጥሎ ፎርማት። አንድ ምሽት ሙሉ ይፈጅ ነበር።

ስለ ስም

«የታወቀ ስም ግዙ» የሚል ምክር በየጊዜው ይሰጣል። ምክሩ ከንቱ አይደለም፤ ሙሉም አይደለም። በ1984 የወጣው አይ.ቢ.ኤም. ኤ.ቲ. በወቅቱ ከሁሉ የተከበረ ማሽን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ኤ.ቲዎች ውስጥ የገባው ባለ 20 ሜጋባይት ዲስክ ግን በብልሽት ስሙ የጠፋ ሆነ፤ በሣጥኑ ላይ ያለው ስም ውስጡ ላለው ዲስክ ዋስ አልሆነም።

ከዚህ የባሰው የሚኒስክራይብ ነገር ነው። በኮሎራዶ የነበረው ይህ ኩባንያ በ1987 መጨረሻ የጎደለውን የዕቃ ክምችት ለመሸፈን በዲስክ ካርቶን ውስጥ ጡብ አሽጎ ዕቃ እንደተላከ አስመሰለ። ማጭበርበሩ በ1989 ተገለጠ፤ በ1990 መጀመሪያ ኩባንያው ኪሣራ አሳወቀ፤ ንብረቱንም ማክስቶር ገዛው። ታላላቆቻችን በ1987 እና በ1988 የዚህን ኩባንያ ዲስኮች በዝርዝራቸው ውስጥ አስገብተው ሲያመዛዝኑ ስለ ጡቡ የሚያውቁት ነገር ሊኖር አይችልም ነበር። የኩባንያው ዲስኮች በሙሉ መጥፎ ነበሩ ማለታችን አይደለም፤ በዚያ ዘመን የሰሪው ድርጅት ከዲስኩ ቀድሞ ሊሞት ይችል እንደነበር ለማሳየት ነው። ሰሪው ከሞተ የዋስትና ወረቀቱ ተራ ወረቀት ይሆናል።

በማስታወቂያዎች ላይ ያለው የሰዓት ቁጥርም ማብራሪያ ያሻዋል። «በአማካይ በ20,000 ሰዓት አንድ ብልሽት» የሚል ቢነበብ፣ ብዙዎች ዲስኩ 20,000 ሰዓት ይቆያል ብለው ይረዱታል። ትርጉሙ ሌላ ነው። አንድ ቢሮ 100 እንዲህ ያሉ ዲስኮች ቢኖሩትና እያንዳንዱ በዓመት 2,000 ሰዓት ቢሠራ፣ በድምሩ 200,000 ሰዓት ይሆናል፤ ስለዚህ በየዓመቱ ወደ አሥር የሚሆኑት ይበላሻሉ ማለት ነው። አንድ ዲስክ ብቻ ያለው ማኅበር ከአሥሩ ውስጥ ይሁን ከዘጠናው ቁጥሩ አይነግረውም።

ሌሎች አማራጮችም ተጠንተው ነበር። ፕላስ ዴቨሎፕመንት በ1985 ያወጣው ሃርድካርድ ዲስኩንና ኮንትሮለሩን በአንድ ካርድ ላይ ያጣመረ ስለነበር ከኬብልና ከማዛመድ ጣጣ ያድናል፤ ዋጋው ግን ከፍተኛ ነበር። ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ የስኮትላንዱ ሮዲም በ1983 ቢያስተዋውቀውም በእኛ ከተማ ገበያ ገና አልተለመደም ነበር። ኮንትሮለሩ በዲስኩ ላይ ያለበት፣ በኋላ አይ.ዲ.ኢ. የተባለው ስልት ከተስፋፋ ወዲህ ከላይ የዘረዘርነው የካርድ ማዛመድ ችግር በአብዛኛው ጠፍቷል።

በሱቅ ውስጥ የዋሉት አምስት ሰዓታት

ሁለተኛው ግዢ የተፈጸመው በ1988 ነው። ሦስቱ የኮሚቴ አባላት ሻይ በቴርሞስ ይዘው፣ ስምንት ነጥብ የተጻፈበት ወረቀት ይዘው፣ ወደ ሌላ ነጋዴ ሄዱ። የማስታወሻውን ፍሬ ነገር እናቀርባለን።

በመጀመሪያ የጉድለት ዝርዝሩን ጠየቁ። እያንዳንዱ ዲስክ ከፋብሪካ ሲወጣ የማይሠሩ ቦታዎቹ በሲሊንደርና በራስ ቁጥር ተመዝግበው በላዩ ይለጠፋሉ። ጥቂት ጉድለት ነውር አይደለም። ነውሩ ዝርዝሩ ተቀዶ መገኘቱ ነው፤ ያ ዲስክ ያለፈ ታሪኩን የደበቀ ነውና። ሁለት ዲስኮች በዚህ ምክንያት ወደ መደርደሪያቸው ተመለሱ።

ቀጥሎ ክዳኑን የሚያሽገው ወረቀት አለመነካቱን አዩ። የንባብ ራሱ ከሚሽከረከረው ገጽ በላይ የሚንሳፈፈው ከአንድ ሺሕኛ ሚሊሜትር ባነሰ ርቀት ነው፤ የአንድ ብናኝ ውፍረት ከዚያ ይበልጣል። በተራ ክፍል ውስጥ የተከፈተ ዲስክ ቢሠራም አይታመንም።

ከዚያ ዲስኩ ቀዝቅዞ እንዲነሣ ጠየቁ፤ ነጋዴው ከጠዋት ጀምሮ አሙቆት ከነበረ ድካሙን አያሳይምና። ከተነሣ በኋላ ግማሽ ሰዓት አሙቀው፣ በኤም.ኤፍ.ኤም. ካርድ ብቻ ፎርማት አስደርገው፣ አዲስ የተገኙትን ጉድለቶች ከተለጠፈው ዝርዝር ጋር አመሳከሩ። ሦስት አዳዲስ ጉድለቶች የተገኙበትን ተዉት፤ አዲስ ጉድለት ያልታየበትን መረጡ። ነጋዴው በመጨረሻ ትዕግሥቱ አልቆ፣ «ልጆቼ፣ ዲስክ ነው የምትገዙት ወይስ ሙሽራ ነው የምታጩት?» ብሎ እንደጠየቃቸውና ሻዩን አብሯቸው እንደጠጣ ተጽፏል።

የዲስኩን መለያ ቁጥር በደረሰኙ ላይ አስጻፉ። ይህችን ነጥብ ከሁሉ በላይ እናደንቃታለን፤ ያለዚያ «ይህ ከእኔ የተገዛ አይደለም» ለሚል መልስ የለም። ዋጋው ከመጀመሪያው ዲስክ አንድ አራተኛ ያህል ይበልጥ ነበር፤ የሚይዘውም ከዚያኛው በሦስተኛ እጅ ያንሳል። በጉባኤው ላይ ይህን ማስረዳት ቀላል እንዳልነበረ ቃለ ጉባኤው ይመሰክራል፤ ውሳኔው በሁለት ድምፅ ብልጫ ብቻ አለፈ።

ቅጂ

መጀመሪያ ለምን ቅጂ አልተያዘም? ስንፍና ብቻ አልነበረም። አንድ ፍሎፒ 360 ኪሎባይት ይይዛል፤ ባለ 20 ሜጋባይቱን ዲስክ ሙሉ በሙሉ ለመቅዳት 58 ያህል ፍሎፒ ያስፈልጋል። ማንም ሰው በየሳምንቱ 58 ፍሎፒ እያወጣና እያስገባ አይቀመጥም። «ሁሉም ይቀዳ» የሚል ደንብ ስለነበረ ምንም አይቀዳም ነበር።

ኮሚቴው ደንቡን ለወጠው። ፕሮግራሞች አይቀዱም፤ ዋናቸው አለና። የብድር መዝገቡ ብቻ ግን አንድ ፍሎፒ አይሞላም። ስለዚህ ሁለት ፍሎፒ ተመድቦ በየሳምንቱ እየተፈራረቁ ይቀዱ ጀመር፤ አንዱ በቢሮ፣ ሌላው በገንዘብ ያዡ መኝታ ክፍል ይቀመጥ ነበር። ጽሑፍ የሚጽፉ አባላትም የራሳቸውን ፍሎፒ ሳያመጡ ማሽኑ ፊት እንዳይቀመጡ ተወሰነ። ማሽኑ ከመጥፋቱ በፊት «ፓርክ» የሚለው ፕሮግራም ራሱን ወደ ባዶ ሲሊንደር እንዲወስደው መመሪያ ተጽፎ በግድግዳ ተለጠፈ። ርካሾቹ ዲስኮች ይህን በራሳቸው አያደርጉምና፣ ሳይቆሙ የተነሡ እንደሆነ ራሱ መረጃ ያለበትን ገጽ ሊመታው ይችላል።

ያለንበት ሁኔታ

በዕቃ ቤት የተገኘው ኮምፒውተር ይህ ሁለተኛ ዲስክ ያለበት ነው። ቅጂ የተያዘባቸው ፍሎፒዎች በካርቶኑ ውስጥ አሉ፤ የሞከርናቸው ግን አብዛኞቹ አልተነበቡም። ባለ ጽሑፏ እህታችን ዛሬ በሌላ አገር ትኖራለች። የእርሷ ቅጂ በመንገድ ጠፍቶባት፣ እንደገና የመታችው ሙሉ ጽሑፍ በዲስኩ ላይ እንዳለ ጠይቃ ጽፋልናለች። ስለዚህ ዲስኩን ለማንበብ ወስነናል።

እስካሁን ግን ኤሌክትሪክ አልሰጠነውም። ለረዥም ዘመን የቆመ ዲስክ ራሱ ከገጹ ቅባት ጋር ሊጣበቅ ይችላል፤ ሞተሩ በኃይል ከጎተተው ራሱን ሊገነጥለው ይችላል። መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ ለብቻው በሌላ ጭነት ይፈተናል፤ ማሽኑ የተዘጋጀው ለ220 ይሁን ለ110 ቮልት ማብሪያውም ይታያል። ካርዱን ከዲስኩ የለየ ሰው እንዳይኖር ደግሞ በጥብቅ እናሳስባለን። በዚያ ዘመን አንዱ ዓይነት ኮንትሮለር የጻፈውን ሌላው ዓይነት ብዙ ጊዜ ሊያነበው ስለማይችል፣ ካርዱ የዲስኩ ግማሽ አካል ነው።

ዲስኩ ቢነበብም አንድ ችግር ይቀራል። የጽሑፉ ሁለት ምዕራፎች በአማርኛ የተጻፉ ናቸው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ምዕራፎቹ የተጻፉበት ፕሮግራም ካልተገኘ የምናየው ትርጉም የሌለው ምልክት ነው። ፕሮግራሙ በዚያው ዲስክ ላይ እንዳለ ተስፋ እናደርጋለን። በ1988 አካባቢ በማኅበሩ ማሽን የተጠቀማችሁና የአማርኛውን ፕሮግራም ፍሎፒ ያስቀመጣችሁ የቀድሞ አባላት፣ ወይም ለባለ 8 ቢት ማሽን የሚሆን ተመሳሳይ የኤም.ኤፍ.ኤም. ኮንትሮለር በመለዋወጫነት ያላችሁ፣ ለጥናት ክበቡ እንድትጽፉልን እንጠይቃለን። የመጀመሪያው ሙከራ ካርዱ እስኪገኝ ድረስ ተላልፏል።